ካሊጉላ፣ ቀላውዴዎስ ወይስ ጲላጦስ? የትኛውን ሳንቲም ልግዛ?

የጥንት ሮማ ሳንቲም መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከወርቁና ከብሩ ይልቅ ትንንሾቹ የመዳብና የነሐስ ሳንቲሞች ይቀርባሉ። ሻጮች ዘንድ ደጋግመው የሚታዩት ሦስቱን እንያቸው።

የሮማ ነገሥታቱ የካሊጉላና የቀላውዴዎስ ሳንቲሞች ኳድራንስ ይባላሉ። 64ቱ አንድ ዲናር፣ ማለትም አንድ የሮማ የብር ሳንቲም ይሆናሉ። ሮም ውስጥ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ለመግባት አንድ ኳድራንስ ይበቃ ነበር።

የካሊጉላው እ.ኤ.አ. ከ39 እስከ 41 የተመታ ነው። በአንድ ገጹ ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ አለ። በሌላው ‹አር ሲ ሲ› የሚሉ ፊደላት የግማሽ ፐርሰንት የሽያጭ ቀረጥ መነሣቱን ያውጃሉ። ጉረኛ ሳንቲም ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። የካሊጉላን ፊት የምትፈልጉ ከሆነ ግን እዚህ የለም። ፊቱ ላለበት ኪሳችሁን ማዘጋጀት ነው።

የቀላውዴዎሱ በ41 እና በ42 ወጣ። ባለሦስት እግር የእህል መስፈሪያ ወይም ሚዛን የያዘ እጅ አለው። እንደ ልብ ስለሚገኝ ፊደሉ የጠራውን መርጦ መግዛት ይቻላል። ለጀማሪ የምመክረው ይኼንን ነው።

የጲላጦሱ ፕሩታ፣ የይሁዳ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም፣ ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው የጲላጦስ ስም ቢሆንም ሳንቲሙ ላይ ስሙ የለም። በግሪክ ፊደል የተጻፈው የጢባርዮስ ቄሣር ነው። በ29/30 የወጣው የመሥዋዕት ጭልፋና ሦስት የእህል ዛላ አለው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የወጣው ደግሞ ጫፉ የተቆለመመ በትር፣ በጀርባው የቅጠል ጉንጉን፣ በጉንጉኑ ውስጥ የጢባርዮስ ዓመተ ንግሥና አለው። ሲመቱት ብዙም አልተጨነቁበትም። ምስሉ መሀሉን ይስታል፣ ፊደሉ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ላይ ከቅርጹ የተረፈ ጉጥ ይታያል። ይህ ሁሉ ያለ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። በትሩና ዓመቱ በግልጽ ካልታዩ ግን ውድ አትክፈሉ። የወንጌሏን መበለት ሳንቲም ፈልጋችሁ ከሆነም ጲላጦስ ጋ አትሂዱ። በዚያ ስም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድመው የአይሁድ ንጉሥ የአሌክሳንደር ያናይ ሳንቲም ነው፤ ዋጋውም ይቀላል።

ሦስቱም ላይ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ እለፉት፤ ብረቱን እየበላው ነው። ውብ የአሸዋ ልባስ ያለውንም ጠርጥሩ፤ ምስሉን ለማጉላት በሙጫ የሚለጥፉ አሉ። የጲላጦሱን ኢየሩሳሌም ስትሳለሙ ልትገዙ ካሰባችሁ ፈቃድ ያለው ሻጭ ፈልጉ። ከአገር ለማውጣትም የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳትከፍሉ በፊት ሻጩን ስለሱ ጠይቁት።