ሆዱ ለሚያስቸግረው ውሻዬ የገዛሁት የሳልመን አሳ ምግብ

ሆደ ባሻ ሲባል ለሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ የኔ ውሻ ግን የምሩን ሆደ ባሻ ነው፣ ትንሽ ነገር ከቀየርኩበት ተቅማጥ፣ ጋዝ፣ ሌሊት ደግሞ ሆዱ ሲጮህ አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል። አሁን በሳልመንና በሩዝ የተሰራ ደረቅ ምግብ ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው፣ እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ ይሄ ይሻላል። የወደድኩለት የስጋ አይነቱ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። በፊት የምገዛው ፊቱ ላይ በትልቁ "በግ" ይላል፣ ጀርባውን ስታነቡት ግን ዶሮም አለ የዶሮ ስብም አለ፣ ታዲያ የቱ እንደጎዳው በምን ይታወቃል? ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትገዙ በናታችሁ። የስቡን መጠንም እዩ፣ ስብ ሲበዛ እንዲህ አይነት ሆድ ላይ ይከብዳል።

ስትቀይሩ ግን አትቸኩሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ሞልቼ ሰጠሁትና ምንጣፌ አበቃለት (ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምግቡን አልወቅስም)። ከዛ እንደገና ሩብ አዲስ፣ የቀረውን የድሮውን አድርጌ ጀመርኩና ቀስ እያልኩ በ10 ቀን ጨረስኩ፣ ሰላም ሆነ። አለርጂ ከሆነ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ቢያንስ 8 ሳምንት ያንኑ ብቻ ነው፣ ብስኩት የለ ፍርፋሪ የለ፣ ይሄ ለኔ ከሁሉም የከበደኝ ነው ምክንያቱም አይኑን እያየሁ እምቢ ማለት አልችልም። ደም ካያችሁ ወይ ትውከቱ ካላቆመ ግን የምግብ ነገር ይቆይና ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የማልወድለት ሽታው ነው፣ ከረጢቱን በከፈትኩ ቁጥር ቤቱ በሙሉ አሳ አሳ ይላል፣ እሱ ግን ገና ድምፁን ሲሰማ ጭራውን እየቆላ ይመጣል።