መኪና ግርግር ላይ የተሰፋ የመጀመሪያ ቁርባን ቀሚስ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ እዚሁ ድሬዳዋ በካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) የመጀመሪያ ቁርባኗን ተቀብላለች። ቀሚሷን ያሰፋሁት ግን ሐረር ነው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በምትወርደው፣ ስሟን ከስፌት መኪና ድምፅ ባገኘችው መንገድ፣ በመኪና ግርግር። ቀሚስ የምታስቡ ወላጆች ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እዚሁ ከተማ አንድ የሙሽራ ልብስ አከራይ ዘንድ ወስጃት ነበር። ለአንድ ቀን 2,500 ብር ጠየቁኝ። ወገቡ የጠበቀ፣ ከሥሩ ሽቦ የገባበት፣ የሚያብረቀርቅ ናይሎን ነው፤ በድሬ ሙቀት እንኳን ልጅ አዋቂም አይችለውም። ልጄ መስታወት ፊት ስትሽከረከር አየኋትና ልቤ ደነገጠ። ለወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከመነኩሲቷ ከሲስተር ዘንድ የተማረችው ትምህርተ ክርስቶስ በሙሉ እዚያ መስታወት ውስጥ ሲጠፋ ታየኝ። ነጩ ልብስ የጥምቀቷ ማስታወሻ ነው፤ የሠርግ ልምምድ አይደለም። አውልቂው አልኳት። ስታለቅስ ወደ ቤት ተመለስን።

በሳምንቱ በደንገጎ አድርገን ሐረር ወጣን። የልብስ ሰፊው ሱቅ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ምንጣፍ የሚችል ብቻ ነው። ሰፊው ሸምገል ያሉ ሙስሊም አባት ናቸው። "ምን ዓይነት በዓል ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ጌታን በቅዱስ ቁርባን የምትቀበልበት ቀን ነው፤ ትንበረከካለች፣ ትነሣለች፣ እጆቿን አጋጥማ ትሄዳለች" አልኳቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ጥቂት ዝም አሉና "እንግዲያው ተንበርከኪልኝ፣ ልጄ" አሏት።

ጠርዙን ሁለት ጊዜ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት፤ አንድ ጊዜ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ተንበርክካ። ስትነሣ እንዳትረግጠው ፊቱን ከኋላው ሁለት ጣት አሳጠሩት። እጅጌው እጆቿን ስታጋጥም መዳፏን እንዳይሸፍን ከአንጓዋ ከፍ አደረጉላት። ልጄ እየተለካች ከመቁረባችን በፊት የምንለውን የወንጌሉን የመቶ አለቃ ቃል፣ "ጌታ ሆይ፣ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም" የሚለውን፣ በከንፈሯ ትደግም ነበር። ሽማግሌውም መርፌያቸውን ይዘው እስክትጨርስ ጠበቋት። እንዲህ ያለ አክብሮት በገንዘብ አይገዛም።

ጨርቁ ስስ ነጭ ጥጥ ነው፤ ገበር ያለው ከደረት እስከ ወገብ ብቻ ነው። መቁጠሪያዋን የምትይዝበት ኪስ በጎን ስፌቱ ውስጥ ተደብቋል፤ ያን ሳልጠይቅ የጨመሩት እሳቸው ናቸው። ከነጨርቁ 1,800 ብር ከፈልኩ።

ጉድለት የለውም አልልም። በቀጠሮው ሐሙስ ስሄድ አልደረሰም፤ ቅዳሜ ልጄን ይዤ እንደገና 55 ኪሎ ሜትር ወጥቼ ወረድኩ። የጀርባው የላይኛው ቁልፍ ክሩ ላልቶ ስለነበር ቤት ውስጥ እኔው አጠበቅሁት። የክፍያ ወረቀት የሚባል ነገርም የለም።

ያ የቅዳሜው ጉዞ ግን ለሌላ ነገር ጠቀመን። ልብሱ እስኪተኮስ ጀጎል ውስጥ ወዳለው የካቶሊክ ሚሲዮን ገባን፤ ተፈሪ መኮንንን በልጅነታቸው ያስተማሩት አባ እንድርያስ ዣሮሶ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሚሲዮን ነው። ልጄ ቅዱስ ቁርባን በዚያ መኖሩን የሚያሳየውን ቀዩን መብራት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እዚህም አለ ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ተንበርክከን ቆየን። እውነቱን ለመናገር ከዝግጅቱ ሁሉ ያች ሩብ ሰዓት ትበልጥብኛለች።

ከዋዜማው በፊት ኑዛዜዋን ገብታ ነበር። ያሳሰባት ሌላ ነው፤ ሲስተር ገና ያልተባረከ ኅብስት ስታቀምሳቸው ላንቃዋ ላይ ተጣብቆባት "በዕለቱስ እንደዚህ ቢሆንብኝ?" ብላ ሁለት ሌሊት አሰበች። ኅብስቱ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፤ ረጋ ብለሽ ከጠበቅሽው ራሱ ይለሰልሳል ብላ ያረጋጋቻት አያቷ ናት። አያቷ ዛሬም ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ውሃ አትቀምስም፤ በልጅነቷ የነበረው ሥርዓት እንደዚያ ነበርና። ከ1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ከመቁረብ በፊት የአንድ ሰዓት ጾም ብቻ ነው፤ ውሃና መድኃኒትም ጾሙን አያፈርሱም። አንድ ሰዓት እጅግ አጭር ናት፤ ስለዚህ ስልክም ወሬም ሳይገባባት እንድናሳልፋት ተስማማን። ቅዳሴው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ልጄ በማለዳ ገንፎዋን በላች፤ ከዚያ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል ሳትናገር ደረስን።

ስትንበረከክ ጨርቁ አልተጎተተም። ስትነሣም አልረገጠችውም። ተቀብላ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዓይኖቿን ጨፍና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ልብሷን አንድ ጊዜም ስታስተካክል አላየኋትም።

የምትሄዱ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጸሎት ስለሚዘጉ በሌላ ቀን ሂዱ። ልኬት በወረቀት ጽፋችሁ አትላኩ፣ ልጅቷን ይዛችሁ ሂዱ። ጠርዙ ውስጥ አራት ጣት የታጠፈ ጨርቅ ትተውልኛል፤ ታናሽ እኅቷ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።