በትዕዛዝ የተሠራ ካታና ከስምንት ወር በኋላ፦ ብረቱ ደህና ነው፣ እጀታው ግን ላላ

ቻይና ውስጥ ሎንግኳን ከተማ በትዕዛዝ የተሠራው ይህ ካታና፣ የጃፓን ዓይነት ጎራዴ፣ ለስምንት ወር፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ውሃ የጠጣ የታታሚ (የጃፓን የሣር ምንጣፍ) ጥቅል ቆርጧል። ስለቱ አልተሸረፈም፣ ብረቱም አልጎበጠም። ጉዱ ያለው እጀታው ውስጥ ነው።

በአምስተኛው ወር ጎራዴው ሲወዘወዝ ከእጅ መከታው፣ ከጹባው በኩል፣ ቀጭን የቅጭልጭል ድምፅ ተሰማ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወፈር ያለ የነሐስ ሮንዴላ ይጨምርና ዝም ያሰኘዋል። ተሳስቷል። ድምፁ ይጠፋል እንጂ የላላው እንጨት እንደላላ ነው።

በእጀታውና በብረቱ ውስጥ የሚያልፈውን የቀርከሃ ችንካር ከቀጭን ጫፉ በኩል መትቼ አውጥቼ እጀታውን ሳላቅቅ ሁሉም ነገር ታየ። ችንካሩ መሀሉ ላይ ተደፍጥጧል። ክብ የነበረው ቀዳዳ ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል ሞላልሏል። የብረቱ ጭራ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ እንጨቱን የሚነካው አፉና መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ መሀሉ ባዶ ሆኖ የደረቀ ኮላ ፍርፋሪ ሞልቶታል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሄዷል።

ሻጮች “ሁለት ችንካር ስላለው እጥፍ ይጠነክራል” ይላሉ። አይጠነክርም! ጭራውን አጥብቆ መያዝ ያለበት እንጨቱ ነው፤ የችንካሩ ሥራ እጀታው እንዳይንሸራተት መከልከል ነው። ጭራው ውስጥ ለውስጥ ከተንቀሳቀሰ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ችንካሩ ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው ቀዳዳም እንጨቱን ይበልጥ ያሳሳዋል። በጃፓን ወግ ሆኖኪ የሚባለው እንጨት ለሁለት ተሰንጥቆ በጭራው ልክ ይቀረጻል፣ ከዚያ በሩዝ ሙጫ ይጣበቃል። ኋላ መክፈት ሲያስፈልግ ያለ ጉዳት የሚከፈተው ለዚህ ነው።

“ሺህ ጊዜ የታጠፈ ብረት” የሚሉትንም አልቀበልም። አሥር ጊዜ ማጠፍ ብቻ 1,024 ንብርብር ይሰጣል። ማጠፍ ያስፈለገው ታማሃጋኔ የሚባለው የጃፓን ብረት ካርቦኑ ወጥ ስላልሆነ ነው። እንደ ቲ10 ያለ የፋብሪካ ብረት ከመጀመሪያውም ወጥ ነው፤ ቢታጠፍ የሚያተርፈው መልክ ነው፣ በደንብ ያልተበየደ ንብርብር የመፍጠር አደጋም አለው። ሃሞኑን፣ ማለትም ብረቱ ሲጠነክር በስለቱ በኩል የሚፈጠረውን መስመር፣ እውነተኛ መሆኑን ለመለየት በመብራት ሥር ማየት በቂ ነው፦ እውነተኛው በስለቱ ርዝመት ደመና መስሎ ይታያል፣ በሽቦ ብሩሽ የተሣለው ግን ሲወለወል ይጠፋል።

ስንጥቅ ከሌለ ጥገናው ቀላል ነው። ጭራውን ጥላሸት ቀብቶ ማስገባትና ማውጣት፤ የጠቆረውን ቦታ በስሱ መላግ፣ ያልጠቆረው ላይ ስስ የእንጨት ልጣጭ መለጠፍ። ደጋግሞ ነው። እጀታው በእጅ ሲጎተት እንቢ ብሎ በእንጨት መዶሻ ቀስ ሲመታ ብቻ መውጣት አለበት።

ካታና ለሚያዝዝ ሰው ምክሬ አንድ ነው። የብረቱን ስም ከመጠየቅ በፊት እጀታው ሳይጣበቅ፣ ጭራው ከሁለቱ የእንጨት ክፋዮች በአንዱ ላይ ተኝቶ የተነሣ ፎቶ ይጠይቅ። ያንን የማያሳይ ሰሪ ገንዘብ አይገባውም። እኔ አልጠየቅሁም፣ በዚህም ይቆጨኛል።

የእኔው ስንጥቅ በኮላ የሚመለስ አይደለም። እንዲህ ተይዞ ቢወዘወዝ ብረቱ ከእጀታው ተፈናጥሮ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። አዲስ እንጨት ተቀርጾ፣ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋው የእጀታው ጥብጣብ እንደገና እስኪጠመጠም ድረስ ከአፎቱ አይወጣም።