ቲንክፓድ ቲ480 በፖሊ ግቢ፦ ለትምህርትም ለጌምም ከያዝኩት ወዲህ

ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ከገዛሁ ሁለተኛ ሴሚስተሬ እየተገባደደ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ቢቸና ስለሚኖሩ ላፕቶፑ በሞጣ መንገድ ከእኔ ጋር ተመላልሷል። ዶርም፣ ስፔስ (ተማሪ የሚያጠናበት ክፍል)፣ ላይብረሪ፣ ቤት፣ በሁሉም ቦታ ሠርቼበታለሁ። ከኛ በታች ካሉት ባቾች «የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፈው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ጋ ላፕቶፕ ሲመረጥ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። እኔ ግን ጎጃም ውስጥ ለሚማር ሰው መጀመሪያ መታየት ያለበት ባትሪው፣ ቀጥሎ ደግሞ ራሙን (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ሜሞሪ) እና ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን) በቀላሉ ማሳደግ መቻሉ ነው እላለሁ። ጌም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ቲ480 ላይ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይመጣል።

ቲ480 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ውጭ አገር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ገዝተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቀይሩት ወደ እኛ ገበያ ይገባል። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ እንዲህ ያለ ነው። የእኔው ኮር አይ 5 8350ዩ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲና 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ይዞ ነው የመጣው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ያለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኢንቴል ዩኤችዲ 620 ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ ለተማሪ ቤተሰብ የሚቀመስ አልሆነም። እኔ የገዛሁት አባቴ ጤፍ ሸጦ በሰጠኝ ብር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ነገር ሳላጣራ እጄን ወደ ኪሴ አልሰደድኩም።

ቲ480ን ከቲ470 አስበልጬ የመረጥኩበት ምክንያት አለ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለቱን ብታዩ ልዩነታቸው አይታወቃችሁም፤ ዋጋቸውም ይቀራረባል። ነገር ግን የቲ470 7ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) ሲኖረው የቲ480 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 5 እና አይ 7 ግን አራት ኮር አላቸው። በአንድ ዓመት ልዩነት እጥፍ ማለት ነው። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 11ን የሚፈቅደው፣ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለቆመ ይህ ለሚቀጥሉት ዓመታት ትልቅ ነገር ነው። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ሲያቀርብላችሁ ከ«አይ 7» ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር እዩ፤ በእኔው 8350ዩ ላይ ጄኔሬሽኑን የምትናገረው የመጀመሪያዋ 8 ናት።

አሁን ወደ ባትሪው። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚይዝ ሆኖ ከውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው ከኋላ በኩል የሚሰካና የሚነቀል ነው። የሚነቀለው በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት ሰዓት ይገኛል። ትልቁን ከያዛችሁ በድምሩ 96 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ብዙ ጌሚንግ ላፕቶፖች ከሚይዙት ይበልጣል፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከነሱ በጣም ያንሳል። ትልቁ ባትሪ ወደ ታች ወጣ ስለሚል ላፕቶፑን ከኋላ ያነሳዋል፤ እኔ ለመጻፍም ለአየር ማስገቢያውም ተመችቶኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ መጀመሪያ የውጩን ባትሪ ይጠቀማል፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ውስጡ ይሻገራል። የዚያን ጊዜ ሳላጠፋው አዘንብዬ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች በአውራ ጣቴ ገፍቼ ባዶውን አወጣና የተሞላውን እሰካለሁ። የተከፈተ ፋይል አይዘጋም፣ ስክሪኑም አይጠፋም። የጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ዲዛይን ፕሮጀክታችንን ልናስረክብ ዋዜማ ላይ ስፔስ ውስጥ እያለን መብራት ጠፋ። ከግሩፓችን ሁለቱ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነበራቸው፤ ባትሪያቸው ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ኢታብስ በሚባለው የሕንፃ ስሌት ፕሮግራም ላይ የቀረውን የጭነት ስሌት በእኔው ጨርሰን፣ የዓምዶቹን ዝርዝር ኦቶካድ ላይ ስለን፣ ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረን ነው የወጣነው። በሻማና በስልክ መብራት እየታየ ብረት መቁጠር ቀላል አልነበረም፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም።

የጌሚንግ ላፕቶፕ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ተበላሽቶ አይደለም፤ የተሠራው ከሶኬት ሳይለይ እንዲሠራ ነው። ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ 150 ዋትና ከዚያ በላይ ነው። ከሶኬት ሲነቀል ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ስለሚቀንስ ጌሙም ይንቀራፈፋል። ቲ480 በ45 ወይም በ65 ዋት ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ይሞላል። ፒዲ በሚባለው አሠራር 45 ዋትና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ፓወር ባንክም ይሞላዋል። ዶርም ውስጥ አንድ ሶኬት ለስንት ሰው እንደሚደርስ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ባትሪ እንዳያረጅ 80 በመቶ ላይ አቁሙት የሚል ምክር በየቦታው አለ፤ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ላይም ማስተካከያው ይገኛል። ምክሩ ትክክል ነው፤ መብራት ለማይጠፋበት አገር። እኔ ባሕር ዳርም ሆነ ቢቸና እስከ 100 እሞላዋለሁ። ክረምት ላይ ቢቸና ዝናብ ሲጥል የጠፋ መብራት ውሎ ሊያድር ይችላል፤ ያቺ የቀረች 20 በመቶ ያኔ ታስፈልጋለች። ባትሪው ቢደክም ሌላ ገዝቼ እሰካለሁ፤ የሚነቀል መሆኑ ጥቅሙ ይኸው ነው። መብራት ሲመለስ ግን ወዲያው አትሰኩ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ደከም ማለቱ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሲመለስ በድንገት ዘሎ የሚመጣው ኃይል ነው። አምፖሉ መርገቡን አይቼ ነው የምሰካው።

በ8 ጊጋ ራም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላረኩኝም። ኦቶካድ፣ ኢታብስና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ ይንተፋተፋል፤ 8 ጊጋ ለማንኛውም ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ጠባብ ነው። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ ስላለው ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም ገዝቼ ጨመርኩ። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ፦ የውጩን ባትሪ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ የውስጡ አለ። መጀመሪያ ሲነሣ ኤፍ 1ን ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፣ ኮንፊግ ውስጥ ፓወር የሚለው ሥር የውስጡን ባትሪ የሚያጠፋ ምርጫ አለ። እሱን መርጣችሁ ላፕቶፑ ሲጠፋ ነው የሚከፈተው። ከዚያ የሥር ክዳኑን ብሎኖች ፈትታችሁ ዙሪያውን በቀጭን ፕላስቲክ እያላቀቃችሁ ታነሡታላችሁ። ራሙ አግድም ተደርጎ ይገባና ጫፉ ሲጫን ሁለቱ ጎኖች «ቀጭ» ብለው ይይዙታል።

ከ16 ጊጋው በላይ የጠቀመኝ ሁለት ራም ጎን ለጎን መሥራታቸው ነው። ዩኤችዲ 620 የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚጠቀመው ከራሙ ነው። ራሙ አንድ ሲሆን የመረጃው መንገድ አንድ ነው፣ ሁለት ሲሆን መንገዱ ይሰፋል፤ ዱዋል ቻናል የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ አንድ 16 ጊጋ ከመክተት ሁለት 8 ጊጋ ይሻላል። ልዩነቱን ከሁሉ በላይ ያየሁት ጌም ላይ ነው።

ጌሙን ላውራው። ፔስ 2017 የሚባለው የእግር ኳስ ጌም በትክክል ይሄዳል። ሐሙስ ማታ ዶርም ውስጥ ሁለት ጆይስቲክ ሰክተን ስንጫወት መቆራረጥ አይታይም፤ ራሙ አንድ በነበረ ጊዜ ግን ኮርና ላይ ተጫዋች ሲሰበሰብ ይጎተት ነበር። ጂቲኤ 5 ሰቲንጉ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ የምስል ጥራቱም ከፉል ኤችዲ ወርዶ በ720ፒ ይጫወታል፤ ዝናብና ፍንዳታ ሲበዛ ይዘገያል፣ ታሪኩን ለመጨረስ ግን አያግድም። እሱ ብቻ ከ70 ጊጋ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ጌሞቼን ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ ላይ ነው ያደረግኳቸው። አዳዲሶቹን የእግር ኳስ ጌሞች የሚፈልግ ሰው ግን አይሞክር። ኤፍሲ 24 ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስና 100 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ ቲ480 እዚያ አይደርስም። ከፋብሪካ ኤምኤክስ 150 የተባለ 2 ጊጋ ግራፊክስ የተገጠመላቸው ቲ480ዎች አሉ፤ በተቀራራቢ ዋጋ ካገኛችሁ ያዙት፣ ለቀደሙት ጌሞች ጥሩ ልዩነት አለው። እነሱም ቢሆኑ ግን ለኤፍሲ 24 አይሆኑም።

ኪቦርዱ ለረጅም ሪፖርት ከተጠቀምኩባቸው ሁሉ የሚመች ነው። ለፕሬዘንቴሽን ኤችዲኤምአይ፣ ለላብ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው፤ አዳፕተር መለመን የለም። የስክሪኑ ብርሃን 250 ኒት ነው፣ ለክፍል ይበቃል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ላንብብ ቢባል አይታይም። ስትገዙ 1366 በ768 ስክሪን ያላቸውም እንዳሉ እወቁ። እነዚህ የኦቶካድ መስመር ላይ ዓይን ያደክማሉ፣ እኔ በቅናሽም አልወስዳቸውም።

ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የምታዩት ነገር አለ፤ ሻጭ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። የድሮው ድርጅት የቆለፈው ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ በዚህ ሞዴል ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን ለሁለቱም ባትሪዎች ለየብቻ ይነግራችኋል። ሻጩ «ባትሪው አንደኛ ነው» ሲል እናንተ ቁጥሩን ታያላችሁ፣ በቁጥሩ ትከራከራላችሁ። የኤስኤስዲውን ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳያል፤ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በዚያው ፍላሽ ሞክሩ፣ ዩኤስቢ ሲውንም በቻርጀር።

ስለ ዩኤስቢ ሲው አንድ ነገር ልጨምር። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 ለተሠሩ ብዙ ቲንክፓዶች የተንደርቦልት ፈርምዌር (የዩኤስቢ ሲ መሰኪያውን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ አውጥቷል፤ ቲ480ም ከነሱ አንዱ ነው። ካልተሠራ ውሎ አድሮ በዩኤስቢ ሲ መሙላት ሊያቆም ይችላል። ገዝታችሁ ግቢ ዋይፋይ ላይ እንደደረሳችሁ ከሁሉ በፊት ቫንቴጅን ከፍታችሁ ይህን ሥሩ። እኔ ዊንዶውሱን እንኳ ሳላስተካክል ነው የሠራሁት።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ማስጸዳትና የፕሮሰሰሩን ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማስቀየር ከዋጋው ጋር አብሮ ይታሰብ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚሠሩ ጥገና ቤቶች አሉ፤ ሞዴሉ ስለበዛ ኪቦርዱም ስክሪኑም መለዋወጫው ይገኛል። ለዚህ ነው ብርቅ ሞዴል ከመግዛት የተለመደውን የምመርጠው።

ላፕቶፑ የማይሆናቸው ተማሪዎችም አሉ። አርክቴክቸር የምትማሩ ሉሚዮን የሚባለውን የሕንፃ ምስል ማውጫ ፕሮግራም መጠቀማችሁ አይቀርም፣ እሱ ደግሞ ያለ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ አይንቀሳቀስም። ለእናንተ አርቲኤክስ 3050 እና 16 ጊጋ ራም ያለው ቢከብድም ቢወደድም ይሻላል፤ ባትሪውን በፓወር ባንክ ሳይሆን በሶኬት አቅራቢያ ቦታ በመያዝ ትካሱታላችሁ። አካውንቲንግ ሆናችሁ ሥራችሁ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) እና ኤክሴል ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋው ራሱ ይበቃችኋል፣ ራም መጨመሪያውን ብር ለትልቁ ባትሪ አውሉት። ፍሬሽማን የሆናችሁ ግን ዲፓርትመንት እስክትመደቡ ታገሡ። የአንደኛ ዓመቱን አሳይመንት ላይብረሪ ባለው ኮምፒውተርና በስልክ ትወጡታላችሁ፣ ብሩም የምትማሩት ከታወቀ በኋላ በልኩ ይወጣል።