ኢናላፕሪል ከመዋጡ በፊት፦ በደብረ ማርቆስ ስላገኘሁት የአንድ መድኃኒት ቤት አገልግሎት

አንድን መድኃኒት ቤት ስመዝን ከመደርደሪያው ሙላት ይልቅ የምመለከተው፣ ባለሙያው ክኒኑን ከማስረከቡ በፊት ምን እንደሚጠይቅ ነው። በዚህ መለኪያ፣ ከቢቸና አካባቢ የመጡትን አክስቴን ይዤ የሄድኩበት በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጣል። ሐኪም ለአክስቴ ያዘዘላቸው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ባለ 5 ሚሊግራም ኢናላፕሪል የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር።

ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ተቀብሎ ወዲያው ወደ መደርደሪያው አልዞረም። «እማማ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ውጠው ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ አብጦ ያውቃል?» ሲል ጀመረ። ኢናላፕሪልና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ የፊት፣ የምላስና የጉሮሮ እብጠት ያስከትላሉ፤ እብጠቱ ትንፋሽ እስከ መዝጋት ሊደርስ የሚችል ሲሆን በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌሎች ይልቅ እንደሚበዛ ይታወቃል። አንድ ጊዜ በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት ያበጠ ሰው ዳግመኛ ሊወስዳቸው አይገባም። እብጠቱ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ምልክቱ ሲታይ ክኒኑን አቁሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ እንደሚያስፈልግ አክስቴ በራሳቸው አንደበት እስኪደግሙለት ድረስ ፋርማሲስቱ ሌላ ጉዳይ አላነሳም።

ቀጥሎ የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸውን ጠይቆ ተመለከተ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ፣ የተዳከመ ኩላሊትንም ይበልጥ ሊያውክ ስለሚችል፣ ክሬቲኒን የተባለው የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ልኬትና ፖታሲየም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዲሁም ከተጀመረ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ መታየት አለባቸው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለግፊት ይሻላል ብሎ የሚልከው ምትክ ጨው አብዛኛውን ጊዜ ከፖታሲየም የሚሠራ በመሆኑ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳይጠቀሙበት አሳሰባቸው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ግን ስለ ሕመም ማስታገሻ የተደረገው ንግግር ነው፤ የዚህን ቤት ዋጋ በሚገባ የተረዳሁትም እዚህ ላይ ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ አክስቴ «የለም ልጄ» ብለው ነበር። እሱ በዚህ አልረካም፤ «ጉልበትዎን ወይም ወገብዎን ሲያምዎትስ ምን ይውጣሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዲክሎፌናክ ከቤት እንደማይጠፋና ከአጨዳ ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ እንደሚወስዱት ተናገሩ። በገጠራችን የማስታገሻ ክኒንን እንደ መድኃኒት የማይቆጥር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ጥያቄው በዚህ መልክ ካልቀረበ ትክክለኛው መልስ አይገኝም። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን የኢናላፕሪልን ኃይል ያዳክማሉ፣ ከእሱ ጋር ሲወሰዱም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመርባቸው አደጋው ይከፋል። ፓራሲታሞል በልኩ ቢወስዱ እንደሚሻል፣ ሕመሙ ከበረታም ሐኪም ማየት እንዳለባቸው ነገራቸው። ለግፊት ብለው የሚጠጡት የሽፈራው ቅጠል ካለም ጠየቃቸው፤ የጠየቀውም በነቀፋ ሳይሆን፣ ግፊትን የሚቀንስ ሌላ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረብ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ሊወርድ ስለሚችል ነው።

ጾምን አለመዘንጋቱን በተለይ አመሰግናለሁ። አክስቴ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። ኢናላፕሪል ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ስለሚችል፣ በጾምም በፍስክም የማይለዋወጥ የማታ ሰዓት እንዲይዙ መከራቸው። ማታ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያጋጥም የሚችለው ራስ ማዞር ሰው ቆሞ ሳለ እንዳይጥለው ይረዳል። አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ሁለት አድርገው እንዳይውጡ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸውም ሐኪም እንዲያማክሩ ነገራቸው። ደረቅ ሳል ቢመጣ መድኃኒቱን በራሳቸው ከማቋረጥ ወይም የሳል ሽሮፕ ከመግዛት ይልቅ ለሐኪሙ ቢነግሩት በሌላ እንደሚቀየርላቸው አስረዳ። በመጨረሻ ክኒኑን ለማንም እንዳያካፍሉ፣ ከሁሉም በላይ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጡ አስጠነቀቃቸው፤ ኢናላፕሪል በማኅፀን ያለን ፅንስ ይጎዳልና።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። ይህ ሁሉ የተነገረው ሰው በተሰለፈበት ባንኮኒ ፊት ነው፤ አክስቴ የሽንታቸውን ነገር ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን አይቻለሁ፤ በመጋረጃ የተከለለ አንድ ጥግ ቢኖር ይህ ችግር ይቃለል ነበር። ግፊት በነጻ መለካታቸው፣ ከመለካታቸውም በፊት ለ5 ደቂቃ ያህል ማስቀመጣቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ክንዱ ወፍራም ለሆነ ሰው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ይህ የመድኃኒት ቤቱ ጥፋት ባይሆንም፣ ፋርማሲስቱ ዋና ዋናዎቹን ማሳሰቢያዎች በፖስታው ላይ በአማርኛ በእጁ ጽፎ መስጠቱ ጉድለቱን በከፊል ሸፍኖታል። ጽሑፉ ግን ለአረጋዊ ዓይን ደቂቅ ነው።

ወደዚህ ቤት ለግፊት መድኃኒት የሚሄድ ሰው በቤቱ ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ማስታገሻውንም ጭምር፣ ከምርመራ ወረቀቱ ጋር ይዞ ቢሄድ ሥራው ይቀላል። በገበያ ቀን ጠዋት ሰልፉ ስለሚረዝም ከሰዓት በኋላ መሄድ ይመረጣል።