አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም፦ ኪኒኑ ጥሩ ነው፣ አሻሻጡ ግን…

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። የተቀነሰችው አንዷ የኪኒኑ ጥፋት አይደለችም። የአሻሻጡ ናት፣ እደርስባታለሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ አቶርቫስታቲን ነው። ኮሌስትሮል ከሚያወርዱት፣ ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የኔው ሕንድ የተሠራ፣ ነጭ፣ ሞላላ፣ ትንሽ ፍሬ ነው። ጉሮሮ አይዝም፣ የኔን ሆድም አልነካውም። እኔ ሳሪስ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ 56 ነው፣ ለግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ በልብ ሕመም ነው ያረፈው። ሐኪሜ ውጤቴን ስታይ ብዙ ያላመነታችው ለዚህ ነው።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ከመጀመሬ በፊት ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 262፣ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል 187 ነበር። ሁለት ወር ገደማ ከወሰድኩ በኋላ ጠቅላላው 178፣ ኤልዲኤሉ 107 ሆነ። 43 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው። ከዚህ መጠን የሚጠበቀውም እዚያው አካባቢ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጠኑ በእጥፍ ሲያድግ ቅናሹ በእጥፍ አያድግም። አንድ እጥፍ በተጨመረ ቁጥር የሚገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «20ው እንዲህ ካደረገልኝ 40ው ጨርሶ ያጠፋልኛል» ብላችሁ በራሳችሁ ሁለት ሁለት እንዳትውጡ። ትርፉ ትንሽ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ከመጠኑ ጋር ይጨምራል።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱን አላመንኩም ነበር። ጿሚ ነኝ። ሥጋም ቢሆን ለዓመት በዓል ካልሆነ እምብዛም ነው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ኮሌስትሮል ከየት መጣ?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ አብዛኛውን የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው። ጉበት ደግሞ አይጾምም» አለችኝ።

ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ጉበት ሲያጥረው ከደም ውስጥ ኤልዲኤሉን እየሳበ ይወስዳል፣ ደሙም ይጠራል። ይህን መንገድ መጀመሪያ ያገኘው አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን ሲፈትሽ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኪዮቶ ካለ እህል ቤት በመጣ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው ያወጣው። (የሻገተ እንጀራ መድኃኒት ነው እንዳትሉኝ ብቻ። አይደለም፣ ጣሉት።) ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን ሲሆን አሜሪካ የፈቀደችው በ1987 ነው።

ሐኪሟ ቀጥላ ስለ ዘይት ጠየቀችኝ። ቤታችን የገባው ያ የሚረጋው ዘይት ነበር፣ ፓልሙ። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፣ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ስብ ነው። የጾሙ ወጥ ሁሉ በሱ ከተቁላላ፣ ጾሙ ለነፍስ ይሆናል እንጂ ለደም ሥር አይሆንም። ባለቤቴ ዘይቱን ወደ ሱፍ ቀየረችው። ኪኒኑ መጣ ብላችሁ ምግቡን እንዳትለቁት፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

ስለ ሰዓት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆዩ በፈለጋችሁት ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣሉ። ዋናው ሰዓቱን አለመቀያየር ነው። ሲምቫስታቲን ግን ቶሎ ስለሚያልቅና ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ማታ ነው የሚወሰደው። እኔ ማታ ጥርሴን ከታጠብኩ በኋላ ነው የምውጠው። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት ብጾምም አይነካኝም። ከረሳችሁት ስታስታውሱ ውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ደግሞ እለፉት። ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ጨጓራ። ጨጓራ የሌለበት አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ። እኔም ሲያቃጥለኝ ከርሞ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ተመረመርኩ፣ ባክቴሪያው አለብህ ተባልኩ፣ የተለመደው ታዘዘልኝ፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ማዘዣዬን ይዤ ሰፈሬ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ልጄን የምታክል ናት። ሦስቱንም አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። ዋጋ ልትነግረኝ ነው ስል፣

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት አለ?» አለችኝ።

«የግፊትና የኮሌስትሮል።»

«የኮሌስትሮሉ ስሙ ማን ነው?»

ስልኬ ላይ የካርቶኑን ፎቶ አሳየኋት። ክላሪትሮማይሲኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከሌሎቹ ለየችው። «ይሄንን ሳልደውል አልሰጥዎትም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት አቶርቫስታቲንን የሚያፈርስበትን መንገድ ክላሪትሮማይሲን ይዘጋዋል። ኪኒኑ ሳይፈርስ ደም ውስጥ ይከማቻል። 20 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው ከዚያ በላይ እንደዋጠ ይሆናል ማለት ነው፣ ጡንቻን የሚጎዳውም ይኼ ነው። ሁለቱ አብረው ከተሰጡ አቶርቫስታቲኑ ከ20 እንዳያልፍ ይመከራል። ሲምቫስታቲን ቢሆን ጭራሽ አብሮ አይሰጥም። ደወለች፣ ተነጋገሩ፣ የኔም ሐኪም ተጠየቀች። የጨጓራውን እስክጨርስ ስታቲኑን እንዳቆመው፣ ከዚያ በነበረው መጠን እንድቀጥል ተወሰነ። ይህ ለኔ የተወሰነ ነው። በቅርብ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ላገኘው ሰው ማቆም ሌላ ጣጣ አለው፣ ስለዚህ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለዚች ልጅ 5 ኮከብ። ቢኖር 6።

እንዲህ የሚጋጨው የጨጓራው ብቻ አይደለም። ኤሪትሮማይሲን፣ ለፈንገስ የሚዋጠው ኢትራኮናዞል፣ አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ ለማውረድ የሚሰጠው ጄምፋይብሮዚልም ከስታቲን ጋር አይስማሙም። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲምቫስታቲኑ ከ20 ማለፍ የለበትም። ግሬፕፍሩትም ስሙ አለበት፣ ግን የሚነካው በብዛት ሲጠጣ ነው። ጁስ ቤት የምታዙት የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ችግር የለበትም። ስኳሩ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቁርጥማትስ? ይህ ሁሉም ሰው የሚፈራው ነው። አንድ ሰሞን ጭኔና ትከሻዬ እንዳለ ታመመ። የሰፈር ሰው በሙሉ «ያ ኪኒን ነው» አለኝ። ሐኪሟ ግን ከመፍረዷ በፊት ሰሞኑን ምን ስሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ልጄ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ፍሪጅና ቁም ሳጥን 4ኛ ፎቅ ስናወጣ ነበር። ለማንኛውም ብላ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ አሠራችኝ፣ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሕመሙም በሳምንቱ ለቀቀኝ።

ይህን ስል ስታቲን ጡንቻ አይነካም ማለቴ አይደለም፣ ይነካል። ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። እንግሊዝ አገር በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ነበር። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ተወሰዱ። አንዳንዱን ወር እውነተኛውን ኪኒን፣ አንዳንዱን ወር ባዶ ኪኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። በስታቲን ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው በባዶው ኪኒን ወራትም ተሰምቷቸዋል። ግማሾቹ ወደ መድኃኒታቸው ተመለሱ።

የማይናቀው ግን ይኸውላችሁ። ያለ ምክንያት የመጣ ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም መዛል፣ ጥቁር ሻይ የመሰለ ሽንት፣ የዓይን ቢጫ መሆን። ከነዚህ አንዱ ከታየ ኪኒኑ ይቆማል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል። ቀልድ አይደለም። ሴሪቫስታቲን የሚባል ስታቲን በዚሁ የጡንቻ መፍረስ ምክንያት በ2001 ከዓለም ገበያ ተነሥቷል። ዛሬ የምንወስዳቸው እንደሱ አይደሉም፣ ምልክቱን ማወቅ ግን ይገባል። የጉበት ምርመራም ከመጀመሬ በፊት ተሠርቶልኛል። ስኳርንም በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በየጊዜው እታያለሁ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር ስታቲን መጀመርም መቀጠልም የለባትም።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ። አንዳንድ መድኃኒት ቤት ስትሪፑን በመቀስ ቆርጦ ነው የሚሸጠው። ወር ሙሉ መግዛት ለማይችል ሰው ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን የማብቂያ ቀኑ የሚታተመው ስትሪፑ ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ቀን የተሰጠኝን ገልብጬ ሳየው ጠርዙ ሻጩ ጋ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀን የሌለው ሰነድ አልቀበልም። ካርቶኑን ካላሳየኸኝ ብዬ መለስኩለት።

ሁለተኛው ነገር ስሙ ነው። የፋብሪካው ስም በትልቁ፣ የመድኃኒቱ ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። አንዱ ሲጠፋ ሌላ ይመጣል፣ ካርቶኑም ቀለሙም ይለያል። ሁለት የተለያየ ስም ያለው አንድ ዓይነት መድኃኒት ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም የሚውጥ ሰው ሳያውቅ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ከሥር ያለውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም የጉንዳን እግር ያህላል። በአማርኛ አንድ ገጽ ቢጨመርበት ማን ይጎዳ ነበር?

ዋጋውን በተመለከተ፣ በሁለት ተጎራባች መድኃኒት ቤቶች ለአንድ ዓይነት ካርቶን የተለያየ ዋጋ ተነግሮኛል። ጠይቃችሁ ግዙ። የአውሮፓ ሥሪት ነው ብለው ውዱን ሊያሲዙኝ የሞከሩም አሉ፣ የኔው የሕንዱ ግን ቁጥሬን ከላይ ወዳያችሁት አውርዶታል።

አማቴን ጠቅሼ ላብቃ። ዕድሜዋ 74 ነው፣ ስኳር አለባት፣ ኩላሊቷም ተዳክሟል። ቨርጂኒያ ያለችው ልጇ ስትመጣ የራሷን ትርፍ ሮሱቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ትታላት ሄደች። ብርቱካንማ ጠርሙስ፣ ነጭ ክዳን፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት። 40 የሮሱቫስታቲን የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ደግሞ ከ10 አይታለፍም። «እማማ፣ ይሄ ለርስዎ አልታዘዘም» ብያት ከስንት ልመና በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። በኩላሊት ምክንያት መጠኑ የማይቀየረው አቶርቫስታቲን ታዘዘላት፣ እሱን እየወሰደች ነው። ጠርሙሱን ግን አልጣለችውም። «ከአሜሪካ የመጣ መድኃኒት ይጣላል እንዴ?» ትላለች። ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከሽቶው አጠገብ አቁማዋለች።