የአረፋ መርጫዋ ክረምቱን እንዴት ተወጣችው? ደሴ ላይ ሞተር በቤት ማጠብ

የእጅ አረፋ መርጫ (በእጅ እየነፉ አየር የሚያምቁባት፣ ሳሙናውን አረፋ አድርጋ የምትረጭ ጠርሙስ) ገዝቶ ሞተር ሳይክልን ግቢ ውስጥ ማጠብ ያዋጣል? ያዋጣል፤ ግን ሻጩ በሚነግራችሁ ምክንያት አይደለም። ሱቅ ላይ የሚያሳዩዋችሁ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች የሸፈነ ወፍራም ነጭ አረፋ ነው። እኔ ክረምት ሲገባ የገዛኋት ባለ 2 ሊትር መርጫ እንዲያ ዓይነት አረፋ አውጥታ አታውቅም። የእሷ ቀጠን ያለ ነው፣ ቶሎ ይወርዳል። ጥቅሟ ጭቃው እጅ ሳይነካው በስብሶ እንዲለቅ ማድረጓና ውሃ መቆጠቧ ላይ ነው። ለደሴ ሰው ደግሞ ሁለቱም ቀላል ነገር አይደሉም።

ሞተሬ ቦክሰር 150 ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያመላልሰኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮብልስቶኑ ካለቀበት እስከ ቤቴ በር ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው፤ ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ሥር ገብቶ ይጋገራል። ጭቃ ውስጥ አሸዋ አለ። በደረቁ ወይም በአንድ ጆግ ውሃ አርሳችሁ በጨርቅ ስትፈትጉት አሸዋው ቀለሙን ይቧጭረዋል። ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከእጥበት ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፈስበታለሁ። ከዚያ አረፋውን ከታች ወደ ላይ እረጫለሁ፤ በጣም የቆሸሸው ታችኛው ክፍል ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። ትንሽ ደቂቃ ጠብቄ ከላይ ወደ ታች አጥባለሁ። ስፖንጅ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ከሰልባቲዮው ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ። ለቸርኬና ለሞተሩ ሆድ ሌላ ጨርቅ አለ፤ ሁለቱ ባልዲ ውስጥ አይገናኙም። በፊት ሁለት ጀሪካን ይፈጅ የነበረው እጥበት አሁን በአንዱ ያልቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ማትረፍ ማለት ከቤት ሰው ጋር በሰላም ማደር ማለት ነው።

ሳሙናን በተመለከተ፣ የመኪና ሻምፖ በክዳን ለክቶ ከአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጋር መቀላቀል ይበቃል። ጠርሙሱን አፉ ድረስ አትሙሉት። ሳሙናውን የሚገፋው ታምቆ የሚቀመጠው አየር ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና የሚጨምሩ አሉ። ያልሟሟው ፍሬ የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል፣ ከቀለሙ ላይም ሰሙን ይዞ ይሄዳል። በረኪና ደግሞ የሞተሩን አልሙኒየም ያጠቁራል፤ አጠገቡ አታድርሱት።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። መርጫዋ ይህን ልዩነት በደንብ ታውቀዋለች። ደሴ ላይ ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ እያለ፣ አረፋው ሞተሩ ላይ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ኮምቦልቻ እህቴ ግቢ እኩለ ቀን ላይ ስሞክረው ግን ዞር ብዬ ባልዲ እስካነሳ ደርቆ ነጭ እድፍ ሆኗል። የደረቀ ሳሙና ከጭቃው ይብሳል። ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ጥላ ፈልጉ ወይም ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሱ፤ ጎን በጎን እየከፈላችሁ እርጩ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ እንደደረሳችሁም ውሃ አታንሱ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን የወረደ ታምቡር (ፍሬኑ የሚይዝበት ክብ ብረት) ይግላል፣ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) እንደዚያው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግ አይደለም። እጅ አስጠግታችሁ ሙቀቱ እስከማይሰማችሁ ድረስ ሻይ ጠጡበት። ከእጥበት በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፤ ታምቡር ውስጥ ውሃ ከገባ ፍሬን አይዝም። ደሴ ከግቢ በር ስትወጡ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃችሁ ቁልቁለት ነው። እኔ ከመንገዱ በፊት ግቢ ውስጥ ሞተሩን በዝግታ እየነዳሁ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ቀስ አድርጌ በመያዝ አደርቃቸዋለሁ።

መርጫዋ የማትችለው ነገርም አለ። ሐረጎን እየጫኑ የሚወጡ የጭነት መኪኖች የሚተፉት ጥቁር ጭስ ሞተሩ ፊት ላይ ቅባት ነገር ሆኖ ይጣበቃል። አረፋው ያልፈዋል እንጂ አያነሳውም። ብረቱ ላይ ያለውን በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና በሳሙና አጥበዋለሁ፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ላይ ግን ነጭ ጋዝ አላስነካም። ካቴናውም (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ከመርጫዋ አቅም በላይ ነው። እሱ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ከዚያ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ የተረፈው ይጠረጋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ይሁን፤ በሚዞር ካቴና ጣቱን ያጣ ሰው አለ። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡት ሰዎች ምን እንደሚያተርፉ አልገባኝም፤ አቧራውን ሰብስቦ ካቴናውን ራሱ ይሞርደዋል።

ላቫጆስ? እሄዳለሁ፣ አልዋሽም። ክረምቱ ሲከፋ የሞተሩን ሆድ የሚያጸዳ ሌላ ነገር የለም። ግን ያን የግፊት ውሃ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ)፣ የመሪው አንገትና የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ላይ አስጠግተው ሲለቁት ቆሜ ማየት አልችልም። ውሃው ግራሶውን (ወፍራሙን የማለስለሻ ቅባት) አጥቦ ያወጣዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ጎማው መንጓጓት ሲጀምር ነው። ልጆቹን «ወንድሜ፣ ራቅ አድርገው» ብትሏቸው ይሰማሉ።

ወደ መርጫዋ ጉድለት ልምጣ። መስቀል አካባቢ ግፊት መያዝ አቃታት፤ ስትነፉት በፓምፑ አንገት በኩል ፊስስ እያለ አየር ይወጣል። ሰፈራችን ወዳለው መካኒክ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ ሞተሩን ትተህ የሽቶ ጠርሙስ ታመጣልኝ ጀመር?» ብሎ ሳቀብኝና ፓምፑን ፈታው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ጎሚኒ (አየር እንዳይወጣ የምትይዝ የላስቲክ ቀለበት) ጠፍጥፋ፣ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቃ ነበር። «አብሽር፣ የዚህች መድኃኒት ቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚያ በጥቂት ብር ተገኘች፣ እስካሁን አላስቸገረችም። ከዚያ ወዲህ ታጥቦ ሲያልቅ አየሩን አስተነፍሳለሁ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ በአፍንጫዋ አስወጣለሁ፣ ክዳኗን ከፍቼ አደርቃታለሁ። ሳሙና ውስጧ ደርቆ ማደር የለበትም።

ሌላው ችግር መደፈን ነው። የሮቶ ውሃ ደለል አለው፤ አፍንጫዋ ውስጥ ያለችው ወንፊት በአንድ ክረምት ሦስት አራት ጊዜ ተዘግታለች። ውሃውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልዬ መሙላት ከጀመርኩ ወዲህ ቀርቷል።

ለማሳመር የሚወጣው ጉልበት ሰልባቲዮው ላይ ይብቃ። ሰም በስሱ ተቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል በሚቀጥለው ዝናብ ጭቃው ቶሎ ይለቃል። ጎማ የሚያብለጨልጨውን ፈሳሽ ግን ጎማው መሬት የሚነካበት ላይ ማንም አያስነካ፤ እርጥብ ኮብልስቶን ብቻውን ይበቃናል። ወንበር ላይም አትቀቡት፤ ከኋላ የጫናችሁት ሰው ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ጀርባችሁ ይንሸራተታል።

ዋጋዋ ላቫጆ ጥቂት ጊዜ ከሚያሳጥብ ገንዘብ አይበልጥም፤ ከመስቀል በፊት መልሳዋለች። ባለ 5 ሊትሩን አልመክርም፤ ለአንድ ሞተር ይበዛል፣ ክንድም ያደክማል። ስትገዙ ባለሱቁን ውሃ አስሞሉትና እዚያው ንፉት፤ ክዳኑ ሥር ጆሯችሁን አድርጋችሁ አዳምጡ። ትርፍ ጎሚኒ ካርቶኑ ውስጥ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የድሮዋን ሳትጥሉ ለልኬት ይዛችሁ ሂዱ።